የቀኝ ዐይን ሌንስ

«ከፍ አድርጊው። ኧረ በጣም አይደለም! ግንባሬን ምን ልሠራበት፤ ዐይኔን አሳዪኝ።»

መስተዋቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እናቴ ከመስኮቱ ሥር ተንበርክካለች። እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥባ፣ ምንም እንዳይነካባት ወደ ላይ አንስታ ይዛዋለች። በቀኝ ጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ላይ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለች ነገር ተቀምጣለች። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን የምታህል ነገር ትልቅ ሰው ስታስፈራ አይቼ አላውቅም።

«ትንፋሽሽን ያዢ» አለችኝ።

«ለምን?»

«እፍ ብለሽ እንዳትጥዪብኝ ነዋ!»

ያዝኩ። በግራ እጇ የላይኛውን የዐይኗን ቆብ ወደ ግንባሯ ሳበችው፤ በቀኝ እጇ መሐል ጣት የታችኛውን ወደ ጉንጯ ጎተተችው። ዐይኗ ተበልጥጦ ነጩ ሁሉ ወጣ። ጣቷ ቀረበ፣ ቀረበና ሊነካ ሲል ዐይኗ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። «አንተ ፈሪ!» አለችው የገዛ ዐይኗን። እንደገና ሞከረች፤ ደግሞ ተዘጋ። ሌንሱ አንዴ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ፣ አንዴ አገጯ ላይ፤ አንዴማ ጭራሽ ጠፍቶን ስንፈልገው ቆይተን አውራ ጣቷ ላይ ተገኘ። በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው ሙከራ ገባ። እናቴ ፊቷን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋ ቀረች፤ እንባዋ ከሁለቱም ዐይኖቿ ወደ ጆሮዎቿ ወረደ።

«አመመሽ እማዬ?»

«አላመመኝም። ሌንሱ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እንባ ያመጣል፤ መነጽር ሻጩ ነግሮኛል።»

እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እኔም ያን ጠዋት ከነበረችበት ዕድሜ በሃያ ዓመት አልፌያለሁ። ያኔ የማላውቀውን አሁን አውቀዋለሁ፦ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ቋሚ ሥራ ካላገኘች የአባቴ ወገኖች እኔን እንደሚወስዱኝ ተነግሯት ነበር። የተገኘው ሥራ ደግሞ መነጽር ያደረገች ሴት አይቀበልም። እኔ መስተዋት ይዤ የቆምኩበት ነገር ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር፤ እሷ ግን እኔን ላለመነጠቅ ነበር ጣቷን ዐይኗ ውስጥ የምትከተው።

ያኔ የምንኖረው ፑሳን ነበር፤ ከወደቡ በላይ ተራራው ላይ ከተለጠፉት ሰፈሮች በአንደኛው፣ በዶክሱ እናት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን። የዶክሱ እናትን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ልጃቸው ዶክሱ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከሄደ ስንት ዓመቱ፣ እሳቸው ግን አሁንም የዶክሱ እናት ናቸው። ሰፈሩን ሽቅብ ወደሚያቋርጠው ደረጃ በምትከፈተው የፊት ክፍል ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብና የአኩሪ አተር ቡቃያ ይሸጣሉ። አፋቸው ክፉ ነው፣ ልባቸው ግን ቅን። እናቴን ከልብ ይወዷታል፤ ጠዋት ገበያቸውን እንድትከፍትላቸው ግን አይፈልጉም። የቀኑ የመጀመሪያ ደንበኛ መነጽር ያደረገች ሴት ከሆነች የዚያ ቀን ገበያ አይቀናማ! ይህን የሚያምኑት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ዓሣ ሻጩም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ጫማ ሰፊውም እንደዚያው ነው። መነጽር ያደረገ ወንድ ቢመጣ ግን ምንም አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው የለም።

«አንቺን ጠልቼ መሰለሽ?» ይሏታል። «መነጽርሽን ነው እንጂ አንቺማ ዐይኔ ነሽ።»

እናቴ ትስቃለች። ያለ መነጽር ደግሞ የሦስት ክንድ ሩቅ አይታያትም። ስለዚህ የጠዋቱን ቶፉ የምገዛው እኔ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ትኩሳት ያዘኝና ገና ጎህ ሲቀድ አዝላኝ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ሦስት ባዶ ታክሲዎች አለፉን። ሦስተኛው ፍጥነቱን ቀንሶ ቀረበ፣ ፊቷን አየና ነዳጅ ሰጥቶ ሄደ። ይኼኔ እናቴ መነጽሯን አውልቃ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። አራተኛው ቆመ። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ደረጃው አልታይ ብሏት፣ እኔን እንዳዘለች በጉልበቷ ወደቀች። እኔ ታዲያ ከዚያ ጠዋት ምን ተማርኩ መሰላችሁ? ሰዎቹ ጨካኞች መሆናቸውን አይደለም። መነጽሩ ገደ ቢስ መሆኑን ነው።

አባቴ በረሃ ውስጥ መንገድ ሊሠራ ሊቢያ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። በየወሩ ይጽፍልን የነበረው ሰው ከየካቲት ወዲህ የውሃ ሽታ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ታላቅ እህቱ ከዴጉ በባቡር መጣች። አክስቴን እወዳት ነበር፤ የደረቀ ዓሣና ብስኩት ታመጣልኛለች። ያን ቀን ግን ብስኩቱን ሰጥተው ወደ ጓሮ ሰደዱኝ። በራችን የወረቀት ነው፣ ስስ። ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ።

«ኢንቾን ውስጥ ታይቷል» አለች አክስቴ።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ብቻውንም አይደለም። እኔ ወንድሜ ነው ብዬ አልሸፍንለትም፤ አፍሬበታለሁ። ግን ልጅቷ በእኛ ቤት መዝገብ ነው ያለችው፣ ይኼን ታውቂያለሽ። አንቺ ለሰው ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልሽ በምን ታሳድጊያታለሽ?»

«ሥራ አገኛለሁ።»

«ቋሚ ሥራ ካገኘሽ ማንም አይነካሽም፣ ቃሌ ነው። እናቴንም እኔ አሳምናለሁ። ዝናቡ እስኪገባ ልጠብቅሽ።»

«አገኛለሁ አልኩዎት እኮ።»

«በዚያ መነጽር ማን ይቀጥርሻል፣ የእኔ እህት?»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። የሰማሁትን እኔም እንደዚያ አድርጌ ለቀምኩት። ኢንቾን ወደብ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ አባቴ መርከቡ ኢንቾን ደርሶ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ብቻውን ያልሆነው ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ስለሆነ ነው። መዝገብ የተባለው የትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ነው፤ ዴጉም ውስጥ ስሜን የሚጠራ መምህር አለ ማለት ነው፤ ኮራሁ። አንድ ነገር ብቻ በትክክል ሰማሁ፦ የነገሩ ሁሉ እንቅፋት መነጽሩ መሆኑን።

አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ያን ጊዜ በአገራችን ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጅ ለአባት ወገን ነበረች፤ እሷ እንዲያውም ከሕጉ የተሻለ ነገር ነበር ለእናቴ ያቀረበችው።

ሥራውን ያገኙት የዶክሱ እናት ናቸው። የእህታቸው ልጅ መሐል ከተማ ባለ ትልቅ መደብር ትሠራለች፤ ምድር ቤቱ ላይ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ የሚሸጥበት ጋ፣ ሴት ይፈልጋሉ። ለሙከራ የሚቀርቡት ሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ነው። ቁመት ይበቃል፣ ድምፅ ይበቃል፣ ዕድሜዋን ሠላሳ አንድ ነው ከማለት ሃያ ስምንት ቢሏት ማን ያውቃል። መነጽር ብቻ አይሆንም።

ሌንሱን ባመጣችበት ቀን ቀለበቷ ጣቷ ላይ አልነበረም። ሌንሱን እንዳይጭረው ያወለቀችው መሰለኝ።

መነጽር ሻጩ ለዐሥር ቀን ያስለቅስሻል፣ ከዚያ ይለምድሻል ብሏታል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት፣ እንዲህ እያለች ቀኑን ሙሉ እስክትችለው። እኔ በቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር። መክተቱ አንድ ነገር ነው፤ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው። የዐይኗን ጥግ ወደ ጆሮዋ ስባ፣ መዳፏን ከሥር ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ ዐይኗን ስታርገበግብ ጠብ ይላል። አንዳንዴ ግን ጠብ የሚለው መዳፏ ላይ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን የዶክሱ እናት የቡቃያ ሳህን ይዘው ሲገቡ እናቴ «አይንቀሳቀሱ!» ብላ ጮኸችባቸው። ሴትዮዋ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

«ምን ረገጥኩ? እባብ ነው?»

«ሌንስ ነው እትዬ። እግርዎን እንዳያወርዱት!»

«ኧረ በሞትኩት! በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሽመላ በአንድ እግር ልታቆሙኝ! ሶልሂ፣ ነይ ትከሻሽን ስጪኝ፤ አንቺ ደግሞ ፈልጊ እንጂ ምን ያስቅሻል!»

ወለሉን በመዳፋችን ዳበስን፤ ለካ ሲፈለግ የነበረው የእናቴ ቀሚስ እጥፋት ውስጥ ነው። ያን ቀን ሦስታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ካሉኝ ትዝታዎች ሁሉ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁበት ሌላ የለም።

በስምንተኛው ቀን ሌንሱን አድርጋ በር ላይ ቆመችና ወደቡን አየች። መርከቦቹን በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«እዚህ ጋ ጠባሳ አለሽ እንዴ?» አለች ቅንድቤን እየነካች።

«ዱሮም አለ።»

«በመነጽሩ ፍሬም እየተጋረደ ነው ያላየሁት» አለችና ሳመችው።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ሳልሆን እሷ ራሷ ቶፉ ልትገዛ ወረደች፤ እኔ ከኋላዋ። የዶክሱ እናት ገና በራቸውን እየከፈቱ ነበር። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ይኸው ዛሬ አንቺ ክፈቺልኝ» አሉና ቶፉውን ትልቅ አድርገው ቆረጡላት። እናቴ ጉንጯ ቀላ።

ያን ቀን ታዲያ ዝናብ ጣለ። ደረጃውን የወጣ ሰው አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ቶፉ ኮመጠጠ። ማታ የዶክሱ እናት የኮመጠጠውን ይዘው መጡና በሩ ላይ ሆነው ተሳለቁ።

«አንቺ ሴት፣ መነጽርሽን መች ተውሽው? ዐይንሽ ውስጥ ደብቀሽው መጥተሽ ነው እንጂ!»

እናቴ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቀልድ መሆኑ አልገባኝም።

እስቲ አስቡት፤ ነገሩ ለስምንት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚገጥም። መነጽር ገደ ቢስ ነው። ሲሆን ሲሆን በር ላይ አውልቀው ብብት ውስጥ ይሸጉጡታል። አሁን ግን እናቴ ገደ ቢሱን ነገር ዐይኗ ውስጥ ከታዋለች፤ ከእንግዲህ በየሄደችበት አብሯት ይሄዳል። አባቴ ኢንቾን ደርሶ ያልመጣውስ? ከኢንቾን እስከ ፑሳን አንድ ቀን አይፈጅም። የሚያግደው ነገር አለ ማለት ነው።

በዐሥረኛው ቀን እንባው ይቆማል ተብሎ ነበር። እኔ ምልክቴን አድርጌ ጠበቅሁ። አልቆመም። እንዲያውም ባሰ። ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት። በዐሥራ አራተኛው ቀን ፖስተኛው ቡናማ ፖስታ አመጣላት፤ ከኢንቾን ነው። ከአባባ ነው? ስላት፣ የሥራ ወረቀት ነው አለችኝ። ያን ምሽት ሌንሱን አውጥታ፣ ክዳኑ ላይ ቀኝና ግራ ተብሎ በተጻፈበት ትንሽ ሣጥን ካስቀመጠች በኋላ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«አሁን እኮ አውጥተሽዋል» አልኳት።

«ቀን የቆየው ነው የሚያቃጥለኝ። ሌንሱ ነው፤ ተኚ።»

የዶክሱ እናትም ጠየቋት። «ዐሥር ቀን አልፎሻል፤ አሁንም ሌንሱ ነው?»

«ሌንሱ ነው እትዬ።»

እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ። «እሺ፤ ሌንሱ ይሁን» አሉና ወጡ። ዐይነ ውሃቸው አላማረኝም። ሌንሱ መሆኑን እሳቸውም ካመኑ ሌላ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

ፖስታው ውስጥ የነበረው የፍቺ ወረቀት ነው። እንደ ፊርማ የሚያገለግለውን ማኅተሟን አትማ እንድትመልስ። ሌንስ የሚያመጣው እንባ ሌንሱ ሲወጣ ይቆማል፤ ይህን ዛሬ ማንም ሕፃን ይነግራችኋል። እኔ ሌንሱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እናቴ ስታለቅስ በዐይኔ አይቻለሁ። አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም።

ሰኞ ማለዳ እናቴ ጓሮ ወጥታ ጠጉሯን ትታጠብ ነበር። ለሙከራ የምትለብሰው ሰማያዊ ቀሚስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሣጥኑን ከፈትኩ። ሁለቱንም ልወስድ ነበር ሐሳቤ። ቀኙን በጣቴ ጫፍ አነሳሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ክብደት የለውም። ወዲያው የውሃው ድምፅ ቆመ። ደነገጥኩና ሣጥኑን ዘግቼ በፊት በር ወጣሁ። የዶክሱ እናት ገና አልተነሡም። በደረጃው ጎን በሚወርደው ቦይ ውስጥ ሌንሱን ከጣቴ ላይ እፍ ብዬ ጣልኩት። ከዚያ ከመደርደሪያቸው ሥር ካለው ማሰሮ ጨው ዘግኜ፣ ገደ ቢስ ሰው ሲሄድ እሳቸው እንደሚያደርጉት ሦስት ጊዜ ከኋላው በተንኩ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተመለስኩ። ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። እናቴን አዳንኳት፤ አባቴም ሊመጣ ነው።

ሣጥኑን ስትከፍት ያወጣችው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ መሬት ወረደች። ምንጣፉን አነሣች፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አራገፈች፣ የመስፊያ ቅርጫቷን ገለበጠች። እኔም ወረድኩ። አብሬያት ፈለግሁ! ጉልበቴ እስኪቀላ ወለሉን በመዳፌ ዳበስኩ፤ ዝም ብል ታውቅብኛለች ብዬ። «ማታ እያለቀስኩ ነበር» ትላለች ለራሷ። «እያለቀስኩ ነበር፣ ጠርጌው ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ የከተትኩት መስሎኝ ከእንባዬ ጋር ጠርጌው ነው።» ያኔ አንድ ቃል ብናገር ምን እንደሚለወጥ አላውቅም። ሌንሱ ቦይ ወርዷል። ቢያንስ ግን ያን ዐረፍተ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ባልያዘችው።

ሰዓቱ ደረሰ። የግራውን ሌንስ በአንድ ሙከራ ከተተችው፤ እጇ ሠልጥኗል። ሰማያዊውን ቀሚስ ለበሰችና በአንድ ዐይን ሄደች።

የሆነውን ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ አወራችልኝ፣ እየሳቀች። የጓንቶቹን ቁጥር አንዱንም አልተሳሳተችም። ነገር ግን አንዱ ዐይን እያየ ሌላው ሲደበዝዝ ራስ ያዞራል፤ ስለዚህ ሳታውቀው ቀኝ ዐይኗን ትጨፍን ነበር። የወለሉ አለቃ ሁለት ጊዜ አያትና «እመቤት፣ እዚህ ደንበኛ አይጠቀስም» አላት። ሴቶቹ ሳቁ። በዚያው አበቃ።

ማታ ስትመለስ መነጽሯን አድርጋለች። ገንፎ ሠራችልኝ፣ ጸጉሬን አበጠረችልኝ፣ ተረት ነገረችኝ። አላለቀሰችም። በማግስቱም አላለቀሰችም፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት አንድም ቀን አላለቀሰችም። እንባዋን የምትደብቅበት ነገር ስላልነበራት መሆኑን አላወቅሁም። እኔ ማለዳ የጣልኩትን ነገርና የበተንኩትን ጨው እያሰብኩ በኩራት ተኛሁ።

ዝናቡ ገባ። አክስቴ አዲስ ጫማ ይዛልኝ መጣች። አባቴ ዴጉ ቤት እንደሚመጣ ነገሩኝ፤ ውሸት አልነበረም፣ ለበዓል አንድ ቀን ይመጣ ነበር። እናቴ ትንሽ ቆይታ ትከተለናለች አሉኝ፤ ይኼኛው ውሸት ነበር። ባቡር ጣቢያው ላይ እናቴ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ እኔ አዲሱን ጫማዬን ወንበሩ ላይ ቆሜ አሳየኋት። ባቡሩ ሲነሣ ያለቀሰች እናት በዙሪያዋ ስንት ነበረች፤ የእኔ እናት ግን ፊቷ ደረቅ ነው። «አየሽ እናቴን!» አልኳት አክስቴን። «አታለቅስም እኮ!» አክስቴ ፊቷን ወደ ሌላ ወገን አዞረች።

እናቴን ከዚያ በኋላ የማያት በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ። ስትመጣ አኮረፍኳት። ለምን እንደላከችኝ አልገባኝም፤ ምናልባት ሌንሱን መጣሌን አውቃ ተቀይማኝ ይሆናል ብዬ እፈራም ነበር፤ ፍርሃቱ ኩርፊያውን አባሰው። የዝናቡን ቀነ ገደብ፣ የመዝገቡን ነገር፣ ቡናማውን ፖስታ ያወቅሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ አክስቴ ታማ ሳስታምማት ነው። ነግራኝ ስትጨርስ ጓሮ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ፑሳን በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እል ነበር። አንድ ቀን ገበያ እንውጣ ትላለች፣ አንድ ቀን ደክሟታል፣ አንድ ቀን ደስ ብሏታል፤ ምክንያት አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ጥቅምት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ብርቱካን እየላጥኩላት ነው። የጎን አልጋዋ አሮጊት ወሬ ይወዳሉ።

«አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለሽ?»

«አንድ። እሷንም በስንፍናዬ አጥቻት ነበር» አለች እናቴ፤ አየሩ ብርድ ነው እንደሚባለው በቀላሉ። «ሥራ ሊሰጡኝ ነበር። ማታ እያለቀስኩ የዐይን ሌንሴን ጠርጌ ጣልኩት። አንዲት የማትረባ ሌንስ ብጠብቅ ኖሮ ልጄ ከእኔ ጋር ነበረች።»

ቢላውን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት።»

«ምኑን?»

«ሌንሱን። ጠጉርሽን ስትታጠቢ ከሣጥኑ አውጥቼ ቦይ ውስጥ ጣልኩት። የሚያስለቅስሽ እሱ መስሎኝ ነው። አንቺ አይደለሽም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያመነችኝ መሰለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼም ተስፋ አድርጌም አላውቅም። ከዚያ እጄን ይዛ መታ መታ አደረገችው።

«ሶልሂዬ፣ አንቺ እኮ ጉልበትሽ እስኪቀላ አብረሽኝ ስትፈልጊ ነበር። የጣለ ሰው እንደዚያ ይፈልጋል? ተይ ልጄ። እናትሽ ለስንት ዘመን ስትዋሽሽ ኖራ ውሸት አታውቅም ብለሽ ነው?»

«እውነቴን ነው! በእግዜር፣ እውነቴን ነው! ጨው ሁሉ በትኜበታለሁ።»

«እሺ፣ እሺ» አለች፤ ልጅ ሲያባብሉ እንደሚሉት። ወደ አሮጊቷ ዞረች። «አየሽልኝ? ከጸጸቴ ልታሳርፈኝ ብላ በራሷ ላይ ትመሰክራለች።»

«እንዲህ ያለች ልጅ ማሳደግ መታደል ነው» አሉ አሮጊቷ።

«እኔ አይደለሁም ያሳደግኳት» አለች እናቴ።